«እርምጃው በዝቷል» ያሉት የሞተር ሠሪው የአቶ አለበል ሀብተ ሥላሴ ዜና ሕይወት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

ከባሕር ዳርም፥ ከዘጌም፥ ከደቅም ሥራችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ወገኖቻችን፥ እግዚአብሔር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። እኔ የሟች ባለቤት የወይዘሮ የብርጓል ወንድም አስማማው ነኝ። ዳዊት ከመድገም ያለፈ ትምህርት የለኝምና ቃሌ ቢደናቀፍ ታገሡኝ። ይህን እንዳነብ ያዘዙኝ ራሳቸው አቶ አለበል ናቸው። ሲያዙኝም፥ «አስማማው፥ አደራህን አትጨምርልኝ። ያልሆንሁትን ሆነ ብላችሁ ብትቀብሩኝ አፈሩ ይከብደኛል» ብለውኛል። ይህን ያሉት ስለ አንዲት ቃል ነው። ቃሏን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ ትናንት በለቅሶው ድንኳን ውስጥ እየተቀባበላችሁ ስታወሷት ሰምቻለሁ። የሰማሁት ግን የሆነውን አልነበረም። ስለዚህ እሳቸው እንደነገሩኝና እኔም በዐይኔ እንዳየሁት ከመጀመሪያው እናገራለሁ።

አቶ አለበል ከአባታቸው ከአቶ ሀብተ ሥላሴና በክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ከሚባሉት እናታቸው በደራ፥ ከአንበሳሜ ገበያ ብዙ ሳይርቅ፥ ጣሊያን አገራችንን በወረረበት በ1928 ዓ.ም ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው፥ ንባብ ለይተው፥ ዳዊት ሊጀምሩ ሲሉ አባታቸው በንዳድ ስለሞቱባቸው ትምህርቱን ትተው እናታቸውን ሲረዱ ቆዩ፤ ኋላም እህታቸውን ወይዘሮ ሸጊቱን ለእናታቸው ትተው፥ ሥራ ፍለጋ ወደ ባሕር ዳር ወረዱ። ያን ጊዜ ባሕር ዳር ከተማ ለመባል ገና ነበረች፤ ደንገሉ እስከ ሰው ደጅ ይበቅል ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ወደ አገሩ ሳይመለስ የቀረ ሙሴ ጂኖ የሚባል ጣሊያን የመኪናና የጀልባ ሞተር ይሠራ ነበርና እዚያ ተቀጠሩ። ሙሴ ጂኖ ሲቆጣ መፍቻ ይወረውራል፥ ሲያስተምር ግን ይታገሣል ይሉ ነበር። ቡሎኑንም፥ ማርሹንም፥ ኤሊካውንም በእሱ አጠራር ተማሩት። ኤሊካ የሚባለው ከጀልባው ጀርባ የሚንጠለጠለው ሞተር እግሩ ጫፍ ላይ ያለው፥ በውሃ ውስጥ የሚሽከረከረው ባለ ሦስት ክንፍ ብረት ነው። አንድ ቀን ሙሴ ጂኖ ሁለት ኤሊካ ጎን ለጎን አስቀምጦ፥ ኤሊካ ማለት እንደ ቡሎን ነው፥ ቡሎን አንድ ዙር ሲዞር ወደ እንጨቱ ይህን ያህል ይገባል፥ ኤሊካም አንድ ዙር ሲዞር ጀልባውን ይህን ያህል ያስኬዳል፥ ይኸኛው ብዙ ያስኬዳል፥ ያኛው ጥቂት፥ ይህም «ፓሶ» ይባላል አላቸው። ፓሶ ምንድን ነው ብለው ቢጠይቁት ቃሉ ጠፋበት። ከጋራዡ በር ወጣና አንድ እግሩን አንሥቶ ወደ ፊት ጣለ፤ «ይኸ ነው» አላቸው። አቶ አለበልም ከዚያ ቀን ጀምሮ «እርምጃ» አሉት። ከእሳቸው ሰምተን እኛ በወደቡ ላይ የምንሠራ ጥቂት ሰዎችም እርምጃ አልነው። ባለ ረጅም እርምጃ፥ ባለ አጭር እርምጃ፥ እርምጃው በዛ፥ እርምጃው አነሰ እያልን ስንነጋገር ኖርን። በመጽሐፍ ያለ ቃል አልነበረም። ከእኛ በቀር የሚያውቀውም አልነበረም። ጦሱ የመጣው ከዚህ ነው።

ሙሴ ጂኖ ሲሞት አቶ አለበል ከወረታ መጥተው በሐይቁ ዳር ከሚነግዱት ከአቶ ሙሀመድሰዒድ ዘንድ ገቡ። አቶ ሙሀመድሰዒድ ዛሬም እዚህ ናቸው፤ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ቆመው እያለቀሱ ነው፥ አላህ እድሜ ይስጣቸው። ትልቅ የእንጨት ጀልባ ነበረቻቸው፤ ጨውና ጋዝ ይዛ ትሄዳለች፥ ከሐይቁ ማዶ ከቁንዝላ፥ ከደሴቱም ከደቅ እህልና ሰው ይዛ ትመለሳለች። ሞተሯን አቶ አለበል ያዙት። በዚያው በቁንዝላ መመላለስ እኅቴን የብርጓልን አይተው በ1950 ዓ.ም በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን አገቡ፤ ጽጌን፥ አዘዘንና እሌኒን ወለዱ።

ጀልባዋ ቀርፋፋ ነበረች። መንገደኞቹ፥ «አለበል፥ ይች ጀልባህ እኮ ከበቅሎዬ ትዘገያለች» ሲሏቸው፥ «እንግዲያው በቅሎህን ውሃው ላይ አስኪዳትና ቁንዝላ ላይ እንገናኝ» ይሉ ነበር። ለምን እንደምትዘገይ ግን የሚጠይቃቸው ቢገኝ ደስ እያላቸው ያስረዱ ነበር። በሞተሩ እግር ውስጥ ሁለት ባለ ጥርስ መዘውሮች አሉ። ትንሹ ከላይ በሚወርደው ዘንግ ላይ ነው፥ ትልቁ በኤሊካው ዘንግ ላይ ነው። በዚያ ሞተር የላይኛው ዘንግ ሁለት ጊዜ ሲዞር ኤሊካው አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ ይህም የጭነት መኪና በአንደኛ ማርሽ ዳገት እንደሚወጣ ማለት ነው፥ ይዘገያል እንጂ አይሸነፍም። ኤሊካውንም አጭር እርምጃ ያለውን መርጠው ስለገጠሙላት፥ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ፥ ጀልባዋ እስከ አፏ እህል ተጭናም ቢሆን አፍንጫዋን ወደ ማዕበሉ አዙራ እያቃሰተች ትደርስ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድም ሰው ውሃ አልበላባቸውም። ይህን ስናገር አልጨመርሁም።

በ1967 ዓ.ም ደርግ የሰውን ንብረት ሲወርስ የአቶ ሙሀመድሰዒድ ጀልባም ተወረሰችና የማኅበር ሆነች። ባለቤቱ ከጀልባቸው ወርደው በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሚስማርና ክር ሸጡ። አቶ አለበል ከነሞተራቸው ለማኅበሩ ተላለፉ። ሁለት ዓመት ያህል ሲቆይ አሮጌው ሞተር ደከመ፥ ማኅበሩም ከእርዳታ የተገኘ አዲስ ሞተር ተሰጠው። በሣጥኑ ውስጥ ሁለት ኤሊካ ነበር፤ አንደኛው የሚያብረቀርቅ ባለ ረጅም እርምጃ፥ ሁለተኛው ነሐስ፥ አጭር እርምጃ ያለው። አቶ አለበል ኤሊካው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው፥ የላይኛውን መዘውር በእጃቸው እያዞሩ ቢቆጥሩት፥ ላዩ ሦስት ሲዞር ታቹ ሁለት ሆነባቸው። «ይኸ ለሩጫ የተሠራ ሞተር ነው፥ ለትንሽ ጀልባ። በእግሩ ውስጥ ያለውን ጥርስ እኛ ልንለውጠው አንችልም፤ ከፋብሪካው ይዞት የመጣው ነው። እኛ የምንችለው ኤሊካውን መምረጥ ብቻ ነው» አሉን። ለጭነት አጭሯን፥ ነሐሷን ሊገጥሙ አሰቡ።

የአብዮቱ በዓል ግን ደረሰ። በመስከረም 1970 ጀልባዋ ባንዲራ ተክላ፥ ጥቂት እንግዶች ይዛ፥ በሕዝቡ ፊት በወደቡ ዳር እንድታልፍ ታዘዘ። አቶ አለበልም ረጅሙን ኤሊካ ገጠሙ። ማንም አላስገደዳቸውም፤ ይህንንም እንድናገር አዘውኛል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀርፋፋ ጀልባ ሲነዱ ኖረው አንድ ቀን መብረር አማራቸው። በረሩም። ውሃው ከሁለት ተከፈለ፥ ሕዝቡ አጨበጨበ፥ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ኮፍያቸውን አውልቀው አውለበለቡ። ወይዘሮ የብርጓል፥ «በዚያ ቀን ሲስቅ እንዳየሁት ከዚያ ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም» ይላሉ።

በማግስቱ ኤሊካውን ሊለውጡ ቢነሡ ሊቀ መንበሩ ከለከሏቸው። «አለበል፥ ሕዝቡ ፍጥነቱን አይቶ አጨብጭቧል። አሁን ቀርፋፋውን ልግጠም ትለኛለህ? አብዮቱ ወደ ኋላ ተመለሰ እንዲባልልህ ነው?» አሏቸው። አቶ አለበልም፥ «ጓድ፥ ትናንት የጫንነው ባንዲራ ነው። ነገ የምንጭነው እህል ነው» አሉ። ሊቀ መንበሩ፥ «ባንዲራ ከእህል ይቀላል እያልከኝ ነው?» ብለው ሳቁ፤ ያን ጊዜ በእንዲህ ያለው ገና ይሳቅ ነበር። ነሐሷን ኤሊካ ግን ከሣጥኗ አውጥተው ወደ ቢሮአቸው ወሰዷት። በነፋስ የሚወዛወዝ በር ነበራቸውና በሩን እንድትይዝ ከሥሩ አስቀመጧት።

እህሉ ሲጫን ሞተሩ መሰቃየት ጀመረ። ጥቁር ጭስ ይተፋል፥ ይግላል፥ ጮክ ብሎ መዞር ሲገባው ታፍኖ ያጉረመርማል። አቶ አለበል በየሳምንቱ ይከፍቱታል፥ ይዘጉታል፥ «አንድ ቀን ነፋስ ላይ ፒስተኑ ይጣበቅና ጀልባዋ ጎኗን ለማዕበሉ ትሰጣለች» ይሉናል። ለሊቀ መንበሩ ደጋግመው ነገሯቸው። እኛም ሠራተኞቹ እናውቅ ነበር። ግን ስለ አንድ ኤሊካ ብሎ ከሊቀ መንበር ጋር የሚጣላ ማን አለ? በዚያን ዓመት ሰው ከጎረቤቱ ጋር እንኳ ቀስ ብሎ ነበር የሚነጋገር። ጠዋት ጠዋት ከመንገድ ዳር የሰው ልጅ ሬሳ ይነሣ ነበር፥ ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት። እናት ልጇን ከዚያ ስታገኝ አታለቅስም ነበር። እርምጃ ተወሰደበት ይባላል፥ ያልፋል።

ወገኖቼ፥ እዚህ ላይ ስሙኝ። በጥር ወር 1970 የማኅበሩ ሰው ሁሉ፥ በወደቡ ዳር የሚነግደውም ጭምር፥ ለውይይት ተጠርቶ አዳራሽ ተሰበሰበ። ከላይ የተላከ፥ ለከተማው እንግዳ የሆነ ካድሬ መድረኩን ይዞ ነበር፤ ሊቀ መንበራችን ከጎኑ ተቀምጠዋል። ካድሬው ስለ አብዮቱ ብዙ ተናግሮ ሲያበቃ፥ «በሥራችሁ ላይ ያለውን ችግር ሳትፈሩ ተናገሩ፥ ሂስ አድርጉ» አለ። ማንም አልተናገረም። አቶ አለበል ቀኑን ሙሉ ከሞተሩ ጋር ሲታገሉ ውለው ከነቅባታቸው ነበር የመጡት። ተነሡና፥

«ጓድ፥ ችግሩ ሌላ አይደለም። እርምጃው በዝቷል። ካልተቀነሰ ሰው ይጨርሳል» አሉ።

ካድሬው፥ «የቱ እርምጃ?» አላቸው።

«ይኸው እናንተው ያዘዛችሁት ነዋ።»

«በዝቷል ያለህ ማነው?»

«ሁሉም ያውቀዋል ጓድ። ፈርተው ነው እንጂ።»

እግዚአብሔር ያሳያችሁ። እሳቸው ስለ ኤሊካው መናገራቸው ነበር። ለሊቀ መንበሩ ከመስከረም ጀምሮ የተናገሩትን መድገማቸው ነበር። ካድሬው የሰማው ሌላ ነው፥ አዳራሹም የሰማው ሌላ ነው፤ አንዳንዱ በልቡ እሰይ አለ፥ አንዳንዱ ወንበሩን ከእሳቸው አራቀ። አቶ ሙሀመድሰዒድ ብቻ ከኋላ ተነሥተው፥ «ኧረ ጓዶች፥ አለበል ስለ ብረቱ ነው የሚያወራው! ስለ ብረቱ ነው!» ብለው ጮኹ። ኤሊካውን ማለታቸው ነበር። በአገራችን ብረት ማለት ጠመንጃም ነውና ነገሩ ባሰ። ካድሬው እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ። ሁለቱም ተያዙ።

ሊቀ መንበሩ ያውቁ ነበር። በሥራ ሰዓት ነገሩ በየቀኑ ይነሣላቸው ነበር፥ ኤሊካዋም በራቸውን ይዛ ትውል ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚበቃው፤ «ጓድ፥ ይኸ ሰው ስለ ሞተር ነው የሚያወራው» ማለት። ጫማቸውን አዩ። ስማቸውን አልጠራም፤ ሟቹ እንዳልጠራ አዘውኛል። ከዚህ መካከል ቆመው ከሆነ ግን ራሳቸው ያውቁታል። እኛም ከወደቡ የመጣን ሠራተኞች በዚያ አዳራሽ ነበርን፥ ቃሉንም እናውቅ ነበር። ማንም አልተነሣም።

በእስር ቤት ቃሉን ለማጣራት ተብሎ አንድ መሐንዲስ ተጠራ። ኤሊካ እርምጃ አለው ወይ ተብሎ ቢጠየቅ፥ በመጽሐፉ ያለው በእንግሊዝኛ ስሙ ነው፥ እርምጃ ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም አለ። አልፈርድበትም፤ እውነቱን ነው፥ ከወደባችን በቀር የትም አልተሰማም። አቶ አለበል ለመርማሪዎቹ ስለ ሙሴ ጂኖ ነገሯቸው፤ የሞተ ፈረንጅ ምስክር ሆኖ አይቆምም ተባሉ። ውስጥ እግራቸውን ገረፏቸው። አቶ ሙሀመድሰዒድም በሌላ ክፍል ተገርፈው፥ እስከ መጨረሻው «ስለ ኤሊካ ነው» ከማለት ሳይወጡ ከወራት በኋላ ተለቀቁ። ያን ሁሉ ዘመን እርምጃ የሚለው ቃል ለጀልባ ነበር፥ ከዚያ በኋላ ግን የአቶ አለበል የገዛ እግራቸው እርምጃ አጠረ፤ ሁላችሁም አካሄዳቸውን ታውቁት ነበር።

ደመወዛቸው ቀረ። ቤት ውስጥ የሚበላ ሲጠፋ ትልቋ ልጃቸው ጽጌ ከእናቷ ዘመዶች እህል ልታመጣ ወደ ቁንዝላ ተሻገረች። መጋቢት ነበር፤ ነፋሱ የሚከፋበት ወር ነው። ስትመለስ በዚያችው ጀልባ ተሳፈረች፥ በዚያው ሞተር፥ በዚያው በረጅሙ ኤሊካ። የሚነዳው አዲስ የተመደበ ሰው ነበር፥ እሱም አብሮ አልቋል፥ ነፍሱን ይማር። ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ ሲነሣ ሞተሩ ጭነቱን መቻል አቃተው፥ ጋለ፥ ፒስተኑ ተጣበቀ፥ ጀልባዋም አቶ አለበል እንዳሉት ጎኗን ለማዕበሉ ሰጠች። የተረፉት ጥቂቶች ናቸው። የጽጌን ሬሳ ዓሣ አስጋሪዎች ደንገል ውስጥ አግኝተው አመጡልን። ከዚህ ደብር ቀበርናት፥ አባቷ ሳይኖሩ።

ወይዘሮ የብርጓል ስንቅ ይዘው ሲሄዱ እንዳይናገሩ ዘበኛው አስጠንቅቋቸው ነበር። እሳቸውም አልተናገሩም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ነበርና አቶ አለበል ከሩቅ አዩ። «ማን ነው?» አሉ። ወይዘሮ የብርጓል ዘበኛውን ትተው፥ «ጽጌ» አሉ። «በምን?» «በጀልባ።» አቶ አለበል፥ «ኤሊካውን ለውጠውት ነበር?» ብለው ጠየቁ። ዘበኛው፥ ይኸ ሰው አእምሮው ተነካ ብሎ ለባልደረቦቹ ሲያወራ ነበር አሉ። ወይዘሮ የብርጓል፥ «አልለወጡትም» ብለው ምግቡን መሬት ላይ አስቀምጠው ተመለሱ።

ይህም አልበቃም። ማኅበሩ የጀልባዋ መስጠም የአሻጥረኛው የአለበል ሥራ ነው፥ ሞተሩን ሆን ብሎ አበላሽቶት ነው የታሰረው ብሎ አወጀ። ስለዚህ የገዛ ልጃቸውን ደም ደግሞ በላያቸው ጫኑባቸውና ሌላ አንድ ዓመት ጨመሩላቸው። በግንቦት 1971 ሲለቀቁ ተሳስተናል ያላቸው የለም። የምርመራው ሹም፥ «ሂድ። ሁለተኛ እርምጃ የምትባል ቃል ከአፍህ ብትወጣ የምትገባበትን ታውቀዋለህ» አላቸው።

አልወጣችም። ከዚያ በኋላ በአቶ ሙሀመድሰዒድ ሱቅ ጓሮ ቆርቆሮ ዘርግተው የአስጋሪዎችን ሞተር እየጠገኑ ኖሩ፥ ጀልባ ላይ ግን ዳግመኛ አልወጡም። አስጋሪ ሞተሩን ይዞ ሲመጣ ምን እንደሚጭንበት ይጠይቁታል፥ ጥርሱን በእጃቸው አዙረው ይቆጥራሉ፥ ስለ ኤሊካው ግን ቃል አይናገሩም ነበር። አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን ከፍተው ያሳያሉ፤ ሰፋ ሲያደርጉ ረጅሙን፥ ጠበብ ሲያደርጉ አጭሩን ማለታቸው ነው። አዲስ የመጡት አስጋሪዎች ድዳ ይመስሏቸው ነበር። አንዳንዱም ከበስተኋላቸው ጣቱን እየከፈተ ይስቅ ነበር። ይህን ያደረጋችሁ ታውቃላችሁ። ልጅ ነበራችሁ፥ አታውቁም ነበር።

ባለፈው የካቲት የደርግ ሰዎች ከተማውን ለቀው ሲሄዱ የማኅበሩ ቢሮ ባዶውን ቀረ፥ በሩም በነፋስ ሲላተም ሰነበተ። አቶ ሙሀመድሰዒድ ሄደው ነሐሷን ኤሊካ ከበሩ ሥር አነሡና አምጥተው፥ «አለቤ፥ እንካ፥ ብረቱ ይኸውልህ» ብለው ሰጧቸው። ሁለቱ ሽማግሎች ሳቁ አሉኝ፤ ቀጥሎ ምን እንዳደረጉ አልጠየቅሁም። አቶ አለበል ታመው ሳለ ዝገቷን ጠርገው፥ እምብርቷን ለሌላ ሞተር እንድትሆን አስተካክለው፥ ለደቅ አስጋሪዎች ሰጧት። ዛሬ ከደቅ ለቀብር የመጣችሁ ሰዎች የመጣችሁት በእሷ ነው። አደረሰቻችሁ፤ እንደምትዘገይም አይታችኋል።

በዚያው ሰሞን የሰፈሩ ወጣቶች መጡና፥ «እርስዎ በዚያ በጭለማ ዘመን በአደባባይ ቆመው እርምጃው በዝቷል ያሉ ብቸኛው ሰው ነዎት፤ በስብሰባ ላይ ቆመው ይመስክሩ» አሏቸው። «ልጆቼ፥ እኔ ስለ ኤሊካ ነው የተናገርሁት» ቢሏቸው ትሕትና መሰላቸው፤ ሳቁና አጨበጨቡላቸው። ያ ጭብጨባ ከግርፋቱ ይልቅ አሳመማቸው። አንድ ጊዜ ያላሉትን ብለሃል ተብለው ታሰሩ፥ ሁለተኛ ጊዜ ያላሉትን ብለዋል ተብለው ተከበሩ። ስለ ጀልባይቱ ግን፥ በዚያ ኤሊካ ምክንያት ውሃ ስለ በላቸው ሰዎች፥ እስከ ዛሬ የጠየቀ ማንም የለም። ደግሜ እላለሁ፤ ማንም አልጠየቀም።

ኩላሊታቸው ከእስር ቤቱ ጀምሮ ያማቸው ነበር፤ ከጾሙ መግቢያ ወዲህ ጸናባቸው። ሐኪምም ጸበልም ሞከርን። የነፍስ አባታቸው ባሉበት፥ እኅቴ ባለችበት፥ እኔም ባለሁበት ይህን እንዳነብ አዘዙኝ። እኔም፥ «ወንድሜ፥ ሰው እንዲህ የሚልዎት ስለሚያከብርዎት ነው፥ ቢቀር ምን አለ?» አልኋቸው። የመለሱልኝ ቃል በቃል ይኸው፦

«ያን ዓመት ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ የስንቱን ልጅ ሬሳ ተሻግሬ አልፌያለሁ። በዚያ አዳራሽ ሳትፈሩ ተናገሩ ሲለን፥ ተነሥቼ የተናገርሁት ስለ ኤሊካ ብቻ ነው። ስለዚያኛው እርምጃ አልተናገርሁም። አስቤውም አላውቅም፥ አስማማው። የሚያቃጥለኝ ይኸ ነው። ባልተናገርሁት አታክብሩኝ።»

ከዚህ በኋላ ቆርበው፥ ትንሣኤን አይተው፥ ሚያዝያ ወር ላይ በተወለዱ በሃምሳ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ የብርጓልን፥ ልጆቻቸውን አዘዘንና እሌኒን፥ እህታቸውን ወይዘሮ ሸጊቱን፥ በሥጋ ባይዛመዷቸውም ከወንድም የበለጡላቸውን አቶ ሙሀመድሰዒድን ትተው ሄደዋል። ልጃቸው ጽጌ ግን ቀድማ ትጠብቃቸዋለች፤ ዛሬ ከጎኗ እናኖራቸዋለን። ከጀልባዋ ጋር ያለቁትንም ሁሉ በዚህ ጸሎት አብረን እናስብ፥ ሌላ የሚያስባቸው የለምና።

አቤቱ የሰው ልጅ ከአፉ ያወጣውን ብቻ ሳይሆን በልቡ ያስቀረውንም የምታይ አምላክ ሆይ፥ የባሪያህን የአለበልን ነፍስ ማዕበል በሌለበት፥ ነፋስ በማይነሣበት ወደብ አሳርፍልን። እሳቸው ስለ ኤሊካ ብቻ ተናገርሁ ብለው አዝነው ሞቱ፤ በዚያ አዳራሽ ተቀምጠን ስለ ምንም ያልተናገርን እኛ ግን በሕይወት ቆመናል። ለእሳቸው ዕረፍትን፥ ለእኛ ለዝምታችን ይቅርታን ስጠን። አሜን።